ዳገት በሌለበት አገር፤ በሌክና በሜርቬዴ ወንዞች መካከል በብስክሌት

ሜዳ አገር በብስክሌት ሲዞሩት ይሰለቻል የሚሉ ሰዎች ብዙ ጊዜ ያጋጥሙኛል፤ አብዛኞቹም ተራራ እያዩ ያደጉ ያገሬ ልጆች ናቸው። ለእነሱ የጉዞ ጣዕሙ አቀበቱን ጨርሶ ከአናቱ ላይ ቁልቁል መመልከት ስለሆነ፣ ዓይን የሚያርፍበት ጋራ የሌለው መንገድ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ይመስላቸዋል። እኔ በዚህ አልስማማም። በኔዘርላንድ ከሮተርዳም በስተ ምሥራቅ፣ ሌክ፣ ዋልና ማስ የተባሉት ወንዞች ወደ ባሕር ሲቃረቡ የሚያቅፉትን ዝቅተኛ ምድር ለዓመታት በዝግታ ስዞርበት የተረዳሁት ነገር ቢኖር፣ እዚያ የቦታ ልዩነት የሚለካው በስንዝርና በክንድ መሆኑን ነው። ሁለት ክንድ ከፍ ያለው መሬት ቤት ይሠራበታል፤ ሁለት ክንድ ዝቅ ያለው ላም ይሰማራበታል፤ ከዚያም የባሰው ለሸምበቆና ለዝይ ይተዋል። በመኪና የሚያልፍ ሰው ይህን አያስተውለውም፤ በእግር የሚሄደውም ከአንዱ መንደር ወደ ሌላው ሳይደርስ ይመሽበታል። በሰዓት አሥራ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል እየነዳ፣ ሲሻው ወርዶ የሚቆም ብስክሌተኛ ግን ከፍታውንም ዝቅታውንም በእግሩና በዓይኑ ይለየዋል።

ያደግሁት ባሕር ዳር ነው። ከተማዋን የሚያውቅ ሰው ብስክሌት እዚያ የመዝናኛ ዕቃ ብቻ እንዳልሆነ ያውቃል፤ መሬቱ ሜዳ በመሆኑ ተማሪውም ሠራተኛውም ይነዳል። ያ ሜዳ ግን ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ የተንጣለለ ነው፤ አሁን የምኖርበት አገር ዝቅተኛው መሬት ደግሞ ከሮተርዳም ብዙም ሳይርቅ ከባሕር ወለል 6.76 ሜትር ዝቅ ብሎ ይገኛል። እርግጥ ከባሕር በታች ያለ መሬት ለኢትዮጵያዊ ብርቅ ሊሆን አይገባም፤ ዳሎል ከዚህ ከአሥር እጥፍ በላይ ዝቅ ይላል። ዳሎል ላይ የሚያስፈራው የውሃ መጥፋት ሲሆን፣ እዚህ ሰውን ለሰባትና ለስምንት መቶ ዓመታት እንቅልፍ የነሣው የውሃ መምጣት ነው። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ቀኖች፣ ወራትና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄድ ሰው መነሻው ኪንደርዳይክ ቢሆን ደስ ይለኛል። ከሮተርዳም በወንዙ ላይ የሕዝብ ማመላለሻ ጀልባ አለ፤ ብስክሌትም ይዞ መሳፈር ይቻላል። ሌክ ከሌላ የወንዝ ክንድ ጋር በሚገናኝበት በዚህ ስፍራ 19 የነፋስ ወፍጮዎች በቦይ ግራና ቀኝ ተሰልፈው ቆመዋል፤ አብዛኞቹ የተሠሩት በ1738 እና በ1740 ሲሆን፣ በ1997 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። እነዚህ ወፍጮዎች የቆሙት እህል ሊፈጩ አይደለም፤ ሥራቸው ውሃ ማንሳት ነው። ዝቅ ያለው የግጦሽ መሬት ዝናቡንና ከሥር የሚመነጨውን ውሃ በጠባብ ቦዮች ይሰበስባል፤ ነፋሱ የወፍጮውን ክንፍ ሲያዞር ከሥሩ ያለው ትልቅ መንኮራኩር ውሃውን ከፍ ወዳለ ማጠራቀሚያ ይገፋዋል፤ ከዚያም ደግሞ ወደ ሌላ፣ ከመጀመሪያው ወደሚበልጥ ከፍታ ይነሣል፤ በመጨረሻም ወንዙ ዝቅ ሲል የውሃ በሩ ተከፍቶ ይለቀቃል። ማጠራቀሚያዎቹ ለምን አስፈለጉ ያለ ሰው መልሱን ከወንዙ ያገኘዋል። ሌክ እዚህ ቦታ ላይ የባሕሩ ሙላትና ጉድለት ስለሚደርስበት በቀን ሁለት ጊዜ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ከፍ ባለ ጊዜ በር ቢከፈት ውሃው ተመልሶ ወደ መስኩ ይገባል። ስለዚህ ውሃው ተራውን የሚጠብቅበት ቦታ ያስፈልገዋል።

ዛሬ ዋናውን ሥራ የሚሠሩት በሞተር እየተሽከረከሩ ውሃ ወደ ላይ የሚያነሡ፣ የአርኪሜዲስ ብሎን የሚባሉ ግዙፍ ጠመዝማዛ መሣሪያዎች ናቸው። ሆኖም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነዳጅ ሲጠፋ ወፍጮዎቹ እንደገና ተነሥተው አገሩን ከመጥለቅለቅ አድነዋል፤ አሁንም ለክፉ ቀን እንዲደርሱ ሆነው ይጠበቃሉ። በብዙዎቹ ውስጥ ዛሬም ቤተሰብ ይኖርባቸዋል። የታጠበ ልብስ ተሰጥቶ፣ የሕፃን ብስክሌት በር ላይ ተጋድሞ ማየት ለእኔ ከወፍጮው ክንፍ ይልቅ ያስደስተኛል። በእኩለ ቀን ግን አትሂዱ፤ በትልልቅ ጀልባና በአውቶቡስ የሚመጣው ጎብኚ መንገዱን ሞልቶ ፎቶግራፍ ስለሚያነሣ ብስክሌት መግፋት እንጂ መንዳት አይቻልም። በማለዳ ወይም ወደ ማታ ገደማ መንገዱ ባዶ ይሆናል። ደግሞም አብዛኛው ጎብኚ የሚመለሰው ከመጨረሻው ወፍጮ ነው፤ አገሩ ግን ከዚያ ወዲያ ነው የሚጀምረው።

ከዚያ ወዲያ ያለው አገር አልብላሰርዋርድ ይባላል። በሌክና በሜርቬዴ ወንዞች የተከበበ፣ ዳይክ በሚባሉት ከፍ ያሉ የአፈር ግድቦች የታጠረ የግጦሽ ምድር ነው። ብስክሌተኛው የሚነዳው በአብዛኛው በዳይኩ አናት ላይ ስለሆነ፣ በአንድ ወገን ወንዙን ከነመርከቦቹ፣ በሌላው ወገን የቤቶቹን ጣሪያና ጭስ መውጫ እያየ ይሄዳል። መጀመሪያ ላይ ዓይን የሚያየውን ለማመን ይቸገራል፤ አሸዋ የጫነው መርከብ ከታች ካለው መንደር የቤት ክዳን በላይ ያልፋል። እኔም ዳይኩ ላይ ቆሜ ግራና ቀኙን ደጋግሜ ሳነጻጽር ብዙ ጊዜ አጥፍቻለሁ።

መሬቱ እንዲህ ዝቅ ያለው ተፈጥሮ ብቻውን አድርጎት አይደለም። አፈሩ በብዙ ሺህ ዓመታት ከተጠራቀመ ያልበሰበሰ ሸምበቆ፣ ሣርና ዛፍ የተሠራ፣ ፒት የተባለው ጥቁር አፈር ነው። ውሃ ውስጥ እስካለ ድረስ አየር ስለማያገኘው ይቆያል። ውሃው ሲጠነፈፍ ግን አየር ይገባበትና ይበሰብሳል፤ ድስት ሙሉ ጎመን በስሎ እፍኝ እንደሚሆነው ሁሉ እየተኮማተረ ይወርዳል። በአንዳንድ ስፍራ መሬቱ በዓመት እስከ አንድ ሴንቲሜትር ድረስ ይሰምጣል። መሬቱ ሲሰምጥ ውሃው እንደገና ይቀርበዋል፤ ውሃው ሲቀርበው ደግሞ ገበሬው ይበልጥ እንዲጠነፈፍለት ይጠይቃል፤ በተጠነፈፈ ቁጥርም ይበልጥ ይሰምጣል። ከሩቁ የተረጋጋ የሚመስለው አረንጓዴ መስክ እንግዲህ በዝግታ የሚወርድ ወለል ነው። በመንደሮቹ ውስጥ ሲነዱ ይህ በግልጽ ይታያል፤ በእንጨት ምሰሶ ላይ የቆመው አሮጌ ቤት ባለበት ሲቀር አትክልት ቦታው ከሥሩ ስለወረደ፣ ባለቤቱ ወደ ደጃፉ ሌላ ደረጃ ጨምሮበታል።

ይህን ሁሉ የሚጠብቀው ማን ነው የሚለው ጥያቄ ከእኛ አገር አንጻር ሳየው በጣም ይማርከኛል። የሆላንዱ መስፍን ፍሎሪስ አምስተኛ የአልብላሰርዋርድን ነዋሪዎች በ1277 በአንድ የውሃ አስተዳደር ሥር አደራጃቸው፤ በዳይኩ አጠገብ መሬት ያለው ሁሉ የድርሻውን ርዝመት እንዲጠግን ይገደድ ነበር። ዛሬም በመላ አገሪቱ 21 የውሃ አስተዳደር ምክር ቤቶች አሉ፤ አባሎቻቸው በምርጫ ይመረጣሉ፤ የራሳቸውንም ግብር ይሰበስባሉ። ለእኔም በየዓመቱ የክፍያ ወረቀት ይመጣልኛል። ዳይኩ ላይ በነዳሁ ቁጥር ትንሽ ባለቤትነት የሚሰማኝ ከዚሁ የተነሣ ሳይሆን አይቀርም።

አሁን ስለ ነፋሱ ልናገር፤ የሜዳ አገር ዳገቱ እሱ ነውና። ዳገት ቢያንስ ያልቃል፤ አናቱም ከሩቅ ይታያል። የፊት ነፋስ ግን መጨረሻው አይታወቅም፤ በተለይ በዳይክ ላይ መጠለያ ዛፍ ስለሌለ ቀኑን ሙሉ ደረት ላይ እጁን አስደግፎ ሲገፋ ሊውል ይችላል። እዚህ አካባቢ ነፋሱ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከደቡብ ምዕራብ ነው፤ ስለዚህ ከኪንደርዳይክ ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ መሄድ ነፋሱን ከጀርባ ማድረግ ማለት ነው። ካርታ ከማየቴ በፊት የነፋሱን አቅጣጫ አያለሁ፤ ነፋሱ ከምሥራቅ ከሆነ ጉዞውን ገልብጬ ከወዲያኛው ጫፍ እጀምራለሁ። ሆላንዶች ራሳቸው በዚህ ጉዳይ ይቀልዳሉ። ከ2013 ጀምሮ በዜላንድ ክፍለ ሀገር ባለው የኦስተርስኼልደ ማዕበል መከላከያ ግድብ ላይ የፊት ነፋስ ሻምፒዮና የሚባል ውድድር ያካሂዳሉ፤ ማዕበል የሚያነሣ ነፋስ የሚጠበቅበትን ቀን መርጠው፣ ማርሽ በሌለው ተራ ብስክሌት 8.5 ኪሎ ሜትር ነፋሱን እየታገሉ ይነዳሉ። እኔ ከመመልከት አላልፍም።

ብስክሌቱ ራሱ ብዙ ማውራት አያስፈልገውም። ቀጥ ብሎ የሚያስቀምጥ፣ ፔዳሉን ወደ ኋላ ሲረግጡት የሚቆም፣ ከኋላ መጫኛው ግራና ቀኝ ሁለት ከረጢት የሚንጠለጠልበት ተራ ብስክሌት ይበቃል። ጎንበስ ብሎ የሚነዳበት የውድድር ብስክሌት ለዚህ አገር አይሆንም ባይ ነኝ፤ ዓይን አስፋልቱ ላይ ስለሚተከል ወንዙም መስኩም ያመልጣል። እሑድ እሑድ በዳይኩ ላይ በቡድን ሆነው፣ ደወል እየደወሉ የሚያልፉት ፈጣን ነጂዎች ለጤናቸው ቢበጃቸውም አገሩን ያዩታል ብዬ አላምንም። ስንቅን በተመለከተ ደግሞ ሆላንዳዊው ዳቦ በአይብ ይቋጥራል፤ እኔ ቆሎ በኪሴ፣ ዳቦ ቆሎ በከረጢቴ ይዤ እወጣለሁ፤ እየነዱ ለመቆርጠም ከዚህ የሚመች ምግብ አላገኘሁም።

መንገድ ፍለጋውን ያቀለለው ነገር ቁጥር ነው። የብስክሌት መንገዶች በተገናኙበት ቦታ ሁሉ ቁጥር የተጻፈበት ምልክት ተተክሏል፤ ከአንዱ ቁጥር ወደ ሚቀጥለው የሚወስድ ቀስትም አለ። ተጓዡ ጠዋት ላይ የሚያልፍባቸውን ቁጥሮች በቁራጭ ወረቀት ጽፎ መሪው ላይ ይለጥፋል፤ ከዚያ በኋላ ካርታም ስልክም ማውጣት የለበትም። ይህን ያመነጨው ሁጎ ቦለን የተባለ ቤልጂየማዊ የማዕድን መሐንዲስ ሲሆን፣ መነሻ የሆነው በከሰል ማዕድን ጉድጓዶች ውስጥ መተላለፊያዎች የሚለዩበት ቁጥር ነው፤ የመጀመሪያው መረብ በ1995 በቤልጂየም ሊምቡርግ ተከፈተ። ብርሃን በማይገባበት ጉድጓድ ውስጥ የተወለደ ዘዴ ሰማይ ብቻ በሚታይበት ሜዳ ላይ እንዲህ ማገልገሉ ይገርመኛል። ወንዝ ሲያጋጥም ደግሞ ማሻገሪያ ጀልባ አለ፤ ለምሳሌ ብር አንጥረኞች ወደሚታወቁባት ስኾንሆፈን የሚያሻግረው መኪናም ብስክሌትም ይጭናል። እግረኛና ብስክሌት ብቻ የሚያሻግሩት ትንንሾቹ ጀልባዎች ግን ብዙዎቹ በብርዱ ወራት ስለሚያቆሙ የሥራ ሰዓታቸውን አስቀድሞ ማየት ይገባል።

በሌክ ዳር ሲጓዙ ግሮት አመርስ የተባለች መንደር አለች። ሽመላ ከኔዘርላንድ ሊጠፋ በተቃረበበት ጊዜ፣ በ1969፣ እንደገና ለማራባት ጣቢያ የተቋቋመው እዚህ ነው፤ ዛሬ በየእንጨት ምሰሶው አናት ላይ ጎጆውን ሠርቶ ይታያል። የዚህ አገር ሽመላዎች በጅብራልታር በኩል ወደ ስፔንና ወደ ምዕራብ አፍሪካ ያቀናሉ፤ ወደ እኛ ስምጥ ሸለቆ የሚወርዱት የምሥራቅ አውሮፓዎቹ ናቸው።

ወደ ምሥራቅ ሲዘልቁ ጎሪንኸም ትገኛለች፤ ግንቧና የውሃ ጉድጓዷ እስከ ዛሬ ዙሪያዋን የያዘ አሮጌ ምሽግ ከተማ ነች። ከዚያ በጀልባ ወደ ቫውድሪኸምና ወደ ሉቨስታይን ግንብ ይሻገሯል። ዋል የራይንን ውሃ አብዛኛውን ተሸክሞ መጥቶ ሜርቬዴ የሚሆነው እዚህ ስለሆነ፣ ወንዙ ሰፊ፣ መርከቡም የበዛ ነው። ሉቨስታይን በአንድ ወቅት የመንግሥት እስር ቤት ነበር። ዕድሜ ልክ የተፈረደበት የሕግ ሊቅ ሁጎ ደ ግሮት በመጋቢት 1621 መጻሕፍት በሚመላለሱበት ሣጥን ውስጥ ተደብቆ ከዚህ አምልጧል፤ ዘዴውን ያወጣችው ሚስቱ ማሪያ ስትሆን፣ ሣጥኑ የተሻገረውም ዛሬ ብስክሌተኛ በሚሻገርበት በዚሁ ውሃ ወደ ጎሪንኸም ነበር።

ጎሪንኸም፣ ቫውድሪኸምና ሉቨስታይን ሦስቱም ምሽጎች ሲሆኑ፣ ከ1815 ጀምሮ የተዘረጋው የውሃ መከላከያ መስመር አካል ናቸው። የዚህ መስመር አሠራር የሜዳውን ጠባይ በደንብ ከተረዳ አእምሮ የወጣ ነው፤ ጠላት ሲመጣ የውሃ በሮች ይከፈቱና መስኩ ጉልበት በሚደርስ ውሃ ይሸፈናል። ውሃው ለእግረኛ ወታደርና ለመድፍ በጣም ጥልቅ፣ ለጀልባ ደግሞ በጣም ስስ ይሆናል፤ ቦዮቹም ከሥር ስለማይታዩ የገባ ሁሉ ይሰምጥባቸዋል። መስመሩ 85 ኪሎ ሜትር ይረዝማል፤ በ2021 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በ1940 ጠላት በአውሮፕላን ሲመጣ ግን ምንም አልረዳም።

ከጎሪንኸም በታች ያለው ጉዞ ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው ነው፤ ምክንያቱም ከዚህ ወዲያ የአገሩ ሰው ከውሃ ጋር ያለው ግንኙነት ይለወጣል። በ1995 መጀመሪያ ላይ ወንዞቹ ሞልተው ዳይኮቹ ሊፈነዱ በተቃረቡ ጊዜ ወደ 250,000 የሚሆን ሕዝብ ከቤቱ እንዲወጣ ተደረገ። ዳይኮቹ ባይፈርሱም ፍርሃቱ ከሰው ልብ አልወጣም። ሁልጊዜ ግድብ ከፍ ከማድረግ ይልቅ ለወንዙ መተንፈሻ ቦታ መስጠት ይሻላል የሚል ሐሳብ ከዚያ በኋላ ኃይል አገኘ፤ ከሠላሳ በሚበልጡ ቦታዎችም ዳይክ ወደ ኋላ ተመለሰ፣ ወይም የወንዙ ዳርቻ ተቆፈረ፣ ወይም አዲስ መፍሰሻ ተከፈተ። ኖርድዋርድ ከእነዚህ አንዱ ነው። ቀድሞ የድንችና የስንዴ እርሻ የነበረው ሰፊ መሬት ዳይኩ ተቆርጦ በ2015 ለወንዙ ተለቀቀ፤ ወንዙ ሲሞላ በዚህ በኩል ስለሚያልፍ በጎሪንኸም የውሃው ከፍታ እስከ 30 ሴንቲሜትር ይቀንሳል ተብሎ ታስቦ ነው። አንዳንዶቹ ገበሬዎች ለቀቁ፤ የቀሩት በተከመረ አፈር ላይ ቤት ሠርተው ተቀመጡ። በብስክሌት ሲያልፉ እነዚያ ቤቶች ከመስኩ ብድግ ብለው ይታያሉ፤ መንገዱም በብዙ ድልድዮች ላይ ከአንዱ ውሃ ወደ ሌላው ይዘልቃል።

ለሠላሳ ሴንቲሜትር ይህን ያህል ሰው ማንቀሳቀስ ተገቢ ነው ወይ ብሎ መጠየቅ ይቻላል። ፎገራን የማያውቅ ሰው በቀላሉ አይሆንም ይል ይሆናል። እኔ ግን ርብና ጉማራ በክረምት ሞልተው ሜዳውን ሲያለብሱት አይቻለሁ፤ በ2006 ዓይነቱ ክፉ ዓመት ቤትና ከብት የተወሰደባቸው ሰዎች የስንዝር ውሃ ምን እንደሚያደርግ ያውቃሉ። ያው ውሃ ደለሉን አምጥቶ የፎገራን ሩዝ የሚያበቅል መሆኑም ሐቅ ነው። ርብ ዳር የአፈር ግድብ ሲሠራ ወንዙ በአንድ ወገን ተከልክሎ በሌላው ወገን የሚወጣበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ኖርድዋርድን ሳልፍ የማስበው፣ የት ላይ እንዲሞላ አስቀድሞ ከወንዙ ጋር መስማማት ምን ያህል የገንዘብና የትዕግሥት አቅም እንደሚጠይቅ ነው።

ከኖርድዋርድ ቀጥሎ ያለው ቢስቦስ ነው፤ በ1994 ብሔራዊ ፓርክ ተብሎ የተከለለ የወንዝ ረግረግ። እስከ 1421 ድረስ እዚህ መንደሮችና እርሻዎች ነበሩ። በዚያ ዓመት በኅዳር 18 እና 19 መካከል ባለው ሌሊት ማዕበሉና የወንዞቹ ሙላት ተባብረው ዳይኮቹን ሰበሩ፤ መሬቱም ወደ ውስጥ ባሕርነት ተለወጠ። የአገሩ ሰው በዚያ ጎርፍ የሕፃን አልጋ ስትንሳፈፍ፣ አንዲት ድመት ከወዲያ ወዲህ እየዘለለች ሚዛኗን ጠብቃ ሕፃኑን አተረፈችው እያለ ይተርካል። ከዚያ በኋላ ወንዞቹ ደለል እያመጡ ባሕሩን ሞሉት፤ ቄጠማ፣ ሸምበቆ፣ በመጨረሻም አኻያ በቀለበት። ለብዙ ዘመን ሰዎች አኻያውን እየቆረጡ ቅርጫትና የዳይክ መደገፊያ ሲሠሩበት ኖረዋል። በ1970 የሃሪንግቭሊት ግድብ ከባሕሩ ሲለየው ግን፣ በቀን ሁለት ጊዜ ሁለት ሜትር ያህል ይነሣና ይወርድ የነበረው ውሃ በአብዛኛው ስፍራ ወደ ሁለት ስንዝር ያህል ወረደ፤ የአኻያ ቆራጮቹም ኑሮ አበቃ። ከ2018 ጀምሮ በሮቹ ለዓሣው መተላለፊያ በጥቂቱ እየተከፈቱ ነው።

ቢስቦስ ውስጥ ነፋሱ ይሰበራል፤ አኻያው ግራና ቀኝ ስለሚቆም ከዳይኩ ላይ የሚያናጋው ነፋስ እዚህ ቅጠል ከማንኮሻኮሽ አያልፍም። ቢቨር የተባለው፣ ጥርሱ ዛፍ የሚጥል የውሃ እንስሳ ከአገሪቱ በ1826 ከጠፋ በኋላ በ1988 ከጀርመን ኤልበ ወንዝ ተመልሶ እዚህ ተለቋል፤ እንስሳውን ማየት ዕድል ቢጠይቅም፣ እንደ እርሳስ ተቀርጾ የተጣለ ግንድ በየዳርቻው አለ። ከ1944 መጨረሻ እስከ 1945 የአውሮፓ ጸደይ፣ ደቡቡ ነፃ ወጥቶ ሰሜኑ ገና በጀርመን ጦር እጅ ሳለ፣ የአካባቢው ጀልባ ቀዛፊዎች በሌሊት በእነዚህ ቦዮች ሰውና መድኃኒት ያሻግሩ ነበር። ረግረጉን የማያውቅ ወታደር በጨለማ ሊከተላቸው አይችልም ነበርና፣ ቦዮቹን ያየ ሰው ምክንያቱን ሳይነገረው ይረዳል።

ለመውጣት ወደ ዶርድሬኽት የሚያሻግረውን ጀልባ መያዝ ነው፤ ኒውዌ ሜርቬዴን በጥቂት ደቂቃ ያቋርጣል። ከዚያ እስከ ባቡር ጣቢያው ያለው መንገድ ቀላል ነው። በባቡር ብስክሌት ለመጫን ለብስክሌቱ የተለየ ትኬት ይቆረጣል፤ ሠራተኛው በሚበዛበት የጠዋትና የማታ ሰዓት ግን አይፈቀድም፤ ስለዚህ የሥራ ቀን ከሆነ ከቀኑ አሥር ሰዓት በፊት ወይም ከምሽቱ አንድ ሰዓት በኋላ መድረስ ይሻላል። ከሁለቱ ምረጥ ብባል ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ ዶርድሬኽት ሦስት የወንዝ ክንዶች የሚገናኙባት አሮጌ ከተማ ስለሆነች፣ መርከቦቹ ሲተላለፉ እያዩ ሰዓቱን ማሳለፍ አያስቸግርም።